አንቀጽ አሥራ አራትን የጻፈችው ጠበቃ

ጠበቃዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሕንፃና ከንግድ ክርክር ወጥታ አታውቅም። የወንጀል ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ኮሪደሩ ማዶ ወዳለው ቢሮ ትመራዋለች፤ ለፍቺ የመጣ ካለ ደግሞ «ባልና ሚስት መለያየት አልችልበትም፤ ቤት ካላችሁ ግን ቤቱን እለያይላችኋለሁ» ትለዋለች። ይህን ስትል ፊቷ ፈገግ ስለማይል ሰዉ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ሳይገባው ይወጣል።

ያልያዘችው ዓይነት ጠብ የለም ማለት ይቻላል። ለአንድ ደረጃ አራት ዓመት ተሟግታለች። አንድ ሕንፃ የሚጋሩ ሁለት ባለንብረቶች ደረጃው በተሰበረ ቁጥር «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» ሲባባሉ ኖረው፣ ከሥሩ ሱቅ የሚያወጣ ቦታ እንዳለ የታወቀ ዕለት ሁለቱም «የኔ ነው» ብለው ችሎት ቆሙ። ቀለም አስመጪ ድርጅት የነበራቸው ሁለት አብሮ አደጎች ደግሞ ሁሉን ተካፍለው ከጨረሱ በኋላ በድርጅቱ ስም ላይ ተጣብቀው ሦስት ቀጠሮ አመላልሰዋታል። እሷ በዚህ አትሰለችም። ሌላው ሰው ራሱን ይዞ የሚሸሸው ወረቀት ለሷ እንደ ጋዜጣ ነው፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ እስከ ማኅተሙ ድረስ ታነበዋለች።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ነጠላ ሰረዝ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ገና በጠዋቱ፣ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሰበብ አንድ መጋዘን ለደንበኛዋ ያስመለሰች ጊዜ ነው። ታውቃለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። በየዓመቱ ፈቃድ ለሚያወጡ አዳዲስ ጠበቆች ስለ ውል አጻጻፍ የሁለት ሰዓት ትምህርት የምትሰጠውም እሷው ነበረች፤ ትምህርቱን የምትከፍተው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ «በሌላ ሰው ውል ላይ ተንተርሳችሁ ውል አትጻፉ።»

ቢሮዋ ከመነጽር መሸጫ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የሷ ነው። የኋለኛው፣ መስኮት የሌለው፣ ሥራ ያስጀመሯት ሽማግሌ ጠበቃ ሲሞቱ ያወረሷት መዝገብ የተደረደረበት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ሲሆን፣ እህቷም በሽማግሌው ቢሮ የጽሕፈት መኪና ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ጡረታ የወጣች ናት። ታናሽየዋን ለሥራው ያስገባቻትም እሷ ናት።

አንድ ሰኞ ጠዋት አታሚው መጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ቀለም ጥፍራቸው ውስጥ ከገባ ብዙ ዘመኑ ስለሆነ ታጥቦም አይወጣም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ገፋ አደረጉላት።

«ልጄ፣ ያንቺው የእጅ ሥራ ነው። ለዚህ ነው ሌላ ቤት ሳላንኳኳ በቀጥታ የመጣሁት።»

ወረቀቱ የኪራይ ውል ነበር። አታሚው ማተሚያ ቤታቸው ያለበትን ሕንፃ ከነጓሮው የተከራዩት ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ውሉ በየአምስት ዓመቱ ሲታደስ ኖሯል፤ የሚያድሱት ግን «የቀረው እንደነበረ ይጸናል» በምትል አንዲት ገጽ ስለሆነ ዋናውን ገልጦ ያየ አልነበረም። አከራዩ ባለፈው ዓመት ሞቱ። አራት ልጆቻቸው ሕንፃውን ሆቴል ሊያቆም ላሰበ ሰው ሊሸጡ ተስማሙ።

«እኔ በዚያው ዋጋ እገዛለሁ አልኳቸው» አሉ አታሚው። «ቀድሞ የመግዛት መብት እንዳለኝ ራስሽ ነሽ ያኔ ያስረዳሽኝ። እነሱ ግን መብትህ ከአባታችን ጋር ተቀብሯል፣ አንቀጽ አሥራ አራትን አንብብ አሉኝ። አነበብኩት። እንደሚሉትም ይመስላል።»

ጠበቃዋ እንደ ልማዷ ከመጀመሪያው ጀመረች። አንቀጽ ስምንት ላይ «አከራዩ ወይም ወራሾቹ ሕንፃውን ለመሸጥ በፈለጉ ጊዜ ተከራዩ ቀድሞ የመግዛት መብት አለው» ይላል። ጥሩ ነው፤ ወራሾቹንም አስሯቸዋል። ቀጠለች። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«በዚህ ውል ለተከራዩ የተሰጠ መብት ሁሉ በአከራይዋ ሞት ቀሪ ይሆናል።»

መልሳ አነበበችው። በአከራይዋ። ሟቹ አከራይ በሩን በጎን ካልሆነ የማይገቡ፣ ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ወንድ ነበሩ። በውሉ ውስጥ ሌላ ቦታ ሁሉ «አከራዩ» ነው የሚለው። እዚህች ላይ ብቻ ሴት ሆነዋል።

አታሚው ጣቷ የት ላይ እንዳረፈ አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ያቺን "ዋ" የፈረምኩ ዕለትም አይቻታለሁ። ፊደል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። የሕግ ቋንቋ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

«ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር፣ ጋሼ።»

«አንቺ ተምረሻል፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ።»

እስከ ሐሙስ ጊዜ ይስጡኝ ብላ ሸኘቻቸው። በሩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባችና አምፖሉን አበራች።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ገምታለች። ያን ዓመት ሽማግሌው ጠበቃ ለአንዲት ብቸኛ ሴትዮ አንድ የኪራይ ውል ጽፈው ነበር። ሴትዮዋ የሚያከራዩት መኖሪያቸውን ስለነበር፣ እሳቸው ሲሞቱ ልጃቸው ቤቱን ባዶውን እንድትረከብ ይፈልጉ ነበር፤ «በአከራይዋ ሞት» የሚለው ሐረግ ለሳቸው ታስቦ የተጻፈ ነው። ጠበቃዋ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፈቃድ ካወጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የአታሚው ውል እስከ ቀትር እንዲደርስ ታዘዘች። እሷም የሴትዮዋን ውል ግልባጭ አውጥታ፣ የማይሆነውን በቀይ እርሳስ እየሰረዘች፣ የሚሆነውን ከጎኑ እየጻፈች ለእህቷ ሰጠቻት።

በሦስተኛው ካርቶን ውስጥ አገኘችው። አቧራው ካፍንጫዋ ደርሶ እያስነጠሳት ገጾቹን ገለጠች። ገጽ አንድ፣ ቀይ በቀይ። ገጽ ሁለት፣ ሦስት፣ አራትም እንዲሁ፤ «አከራይዋ» የሚለው ሁሉ አንድ በአንድ ተሰርዞ «አከራዩ» ተብሏል። ገጽ አምስት ንጹሕ ነው፤ እርሳስ አልነካውም። ገጽ ስድስት እንደገና ቀይ። ሁለት ገጽ አብራ ገልጣለች። ሌላ ምንም ምስጢር የለውም።

ያን ወረቀት ይዛ ክፍሉ ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታውቅም። ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ይህም ሐሳብ መጥቶባታል፤ አልመጣብኝም ብላ ለማንም አልተናገረችም። ወረቀቱን አዲስ አቃፊ ውስጥ አስገባችና ቁጥር ሰጠችው።

እራት ላይ ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ ሹካዋን አስቀምጣ ሰማቻትና ምግቧን ወደ ጎን አደረገች።

«የተየብኩት እኔ ነኝ አይደል?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«በይ እንግዲያው በኔ አሳብቢው። ታይፒስቷ ሳተች በይ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ማን ምን ያደርገኛል? አንቺ ግን በዚህ ዕድሜሽ መሣቂያ መሆን የለብሽም።»

«አንቺ ያየሽውን ነው የተየብሽው።»

«ያየሁትን ነው የምተይበው። የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እሱ ነበር። ግን ማን ያውቃል? የዚያን ዘመን ነገር ማን ያስታውሳል?»

ጠበቃዋ ሳህኖቹን አነሳሳች። እህቷም ነገሩን ደግማ አላነሳችም፤ ያን ሳምንት ግን የወትሮው ጭቅጭቋ ጠፋ፤ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ሳይጠፋ ሲያድር እንኳ ዝም አለች።

ሐሙስ ዕለት አታሚው ሲመጡ ጠበቃዋ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«ጋሼ፣ ስሕተቱ የኔ ነው። ያ አንቀጽ በእርስዎ ውል ውስጥ መግባት አልነበረበትም፤ ከሌላ ሰው ውል ስገለብጥ ሳልሰርዘው ቀርቼ ነው። ስለዚህ ጠበቃዎ ልሆን አልችልም፤ ምስክርዎ ነው የምሆነው። ደግሞ ቢከስሱኝ መብትዎ ነው፤ ይህንንም ሌላ ጠበቃ ያስረዳዎት።»

አታሚው ኮፍያቸውን አገላብጠው አገላብጠው አዩት። «እኔም እኮ አንድ ጊዜ የሠርግ ጥሪ ላይ የሙሽራዋን አባት ስም በሙሽራው ቦታ አትሜ አውቃለሁ» አሉ። «አምስት መቶ ቅጂ። ተበትኖ ካለቀ በኋላ ነው ያየነው።»

«ምን አደረጉ?»

«ምን ይደረጋል? አባትየው ስቆ አለፈው። ሙሽራው ግን እስከ ዛሬ አያናግረኝም።»

መዝገቡን ለአንድ ጭምት ጠበቃ አስተላለፈችው፤ ብዙ ጊዜ በተቃራኒ ቆመው ስለተከራከሩ ሥራውን ታውቀዋለች። አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። የሴትዮዋ ውል የሌላ ደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ያለ ፈቃድ ችሎት ፊት ሊወጣ አይችልም። ሴትዮዋ ሞተዋል፤ ልጃቸው በመድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ጠበቃዋ በሽተኞች መሐል ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ነገሩን አስረዳቻት። ባለመድኃኒቷ ወረቀቱን ተቀብላ የእናቷን ፊርማ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ቤቱን እኮ እኔ አልገባሁበትም» አለች። «ሸጥኩት። እናቴ ለኔ ብላ ይህን ሁሉ ማስጻፏን አላውቅም ነበር።» ፈቃዱን እዚያው የመድኃኒት ማዘዣ ላይ የምትፈርምበት ብዕር ይዛ ፈረመች። አንድ ግልባጭም ለራሷ ጠየቀች።

የወራሾቹ ጠበቃ የሷው ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት በዚያ የሁለት ሰዓት ትምህርት ላይ ፊት ወንበር ተቀምጦ ጥያቄ በማብዛቱ «ባለ ጥያቄው» የሚል ስም አትርፏል። የምስክር ቀን በኮሪደሩ ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «እርስዎን መስቀለኛ መጠየቅ ደስ አይለኝም» አላት። «ሥራህን ሥራ» አለችው።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ አይዘጋም፤ ከታች መኪና ሲያልፍ ዳኛው ንግግሩን ያስቆማሉ። እህቷ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጠበቃዋ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ምስክር በሚቆምበት ቦታ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር። ቦታው ከሚታየው ይልቅ ለዳኛው ቅርብ መሆኑ አስገረማት።

ያየችውንና ያደረገችውን በአጭሩ ተናገረች። በቀይ እርሳስ የታረመው ግልባጭ ለዳኛው ቀረበ። ከዚያ ባለ ጥያቄው ተነሣ።

«ምስክር፣ ገጽ አምስትን አልሰረዙትም።»

«አልሰረዝኩትም።»

«ጠበቃ አንድን ገጽ ሳይሰርዝ ሲተወው፣ ገጹ እንዲቀር ፈልጎ ነው ብንል ምን ይላሉ?»

«ፈልጌ ቢሆን "አከራይዋ" የሚለውን "አከራዩ" አደርገው ነበር። በሌሎቹ ገጾች ላይ አንድም ሳላስቀር አርሜዋለሁ።»

እሱም ይህን ሲጠብቅ ኖሮ ድምፁን አለሰለሰ። «ክቡር ፍርድ ቤት እንደሚያውቀው ምስክሯ በጥንቃቄያቸው የታወቁ ናቸው። እኔም ከሳቸው የተማርኩ ነኝ። እንዲህ ቢሆንስ? እርስዎ አንቀጽ አሥራ አራትን አንብበው፣ ለአከራዩ ይጠቅማል ብለው እንዲቀር አደረጉ። አንዷን ፊደል እንድታርም ለታይፒስቷ በቃል ነገሯት። እሷ ረሳችው። ሌላ ስሕተት የለም። ይህ ለእርስዎ የበለጠ አይመስልም?»

እንዲህ ከሆነ ስሟ ንጹሕ ይሆናል፤ አንቀጹ ግን ይጸናል፣ አታሚውም ከነማተሚያ መኪናቸው ይወጣሉ። ከኋላ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች። እህቷ ብድግ ብላ ነበር፤ የችሎቱ አስከባሪ በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስቀመጣት።

«ስሜን ያሳምረው ነበር» አለች ጠበቃዋ። «የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም። ለታይፒስቷ በቃል የነገርኳት ነገር የለም። የሰጠኋትን አንድም ሳታጎድል ነው የተየበችው። ሁለት ገጽ አብሬ ገለጥኩ፤ የተተየበውንም መልሼ ሳላነብ አስፈረምኩ። አንቀጽ አሥራ አራትን ያኔ ጨርሶ አላየሁትም።»

«አላዩትም።»

«አላየሁትም።»

ባለ ጥያቄው ወረቀቱን ተመለከተ። ሊቀመጥ ሲል ሐሳቡን ለወጠ። «በዚያን ጊዜ በዚህ መንገድ የጻፉት ሌላ ስንት ውል አለ?»

የአታሚው ጠበቃ ተቃወመ። ዳኛው ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው እሷን ያዩ ነበር። «ምስክር ከፈለጉ ይመልሱ» አሉ።

«አላውቅም» አለች።

ችሎቱ ተነሥቶ ሲወጡ እህቷ ክንዷን ያዘቻት። እስከ ታችኛው ደረጃ ድረስ ተያይዘው ወረዱ።

«ቁጭ በይ ያለኝ ያ አስከባሪ አስተዳደግ የለውም» አለች እህቷ።

«ምን ልትዪ ነበር የተነሣሽው?»

«ምን አውቃለሁ። እግሬ ነው ያስነሣኝ።»

ውሳኔው ከሁለት ወር በኋላ ተነበበ። ዳኛው አንቀጽ አሥራ አራት በተዋዋዮቹ ሐሳብ ያልነበረ፣ በስሕተት የገባ ነው፤ አንቀጽ ስምንት ግን ወራሾቹን በግልጽ ስለሚያስገድድ ይጸናል አሉ። ወራሾቹ ይግባኝ ብለው አልቀናቸውም። አታሚው ከሁለት ሴት ልጆቻቸውና ከአንድ አማቻቸው ጋር ሆነው ሕንፃውን ገዙት። ጠበቃዋን አልከሰሷትም። የሠርግ ጥሪውን ታሪክ ግን ላገኙት ሰው ሁሉ ከሷ ታሪክ ጋር አያይዘው ይናገሩ ጀመር፤ ደግነት መስሏቸው ነው።

ከተማው ወሬ አያድርበትም። አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ሦስት መዝገቦቹን በትሕትና ደብዳቤ ወሰደ። አንድ ሆስፒታል ለመሥራት ቦታ ሲዋዋል የነበረ ቡድን ቀጠሮውን ሰርዞ ዳግም አልደወለም። የዚያን ዓመት ትምህርት እንዲሰጥ ባለ ጥያቄው ተመረጠ። እሱም ቢሮዋ ድረስ መጥቶ የአንቀጽ አሥራ አራትን ነገር እንደ ምሳሌ ላንሳው ወይ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ።

«አንሣው» አለችው። «ገጽ አምስትን አሳያቸው። ስሜን መጥራት አያስፈልግህም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።»

ሄዶ ሲያበቃ ጥቂት ተናዳ ነበር። ንዴቱ በእሱ ላይ አልነበረም። «አላውቅም» ያለችው ቃል ነበር ከሁሉ ይልቅ አላስቀምጣት ያለው። ለሌላው ጥያቄ ሁሉ መልስ ነበራት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት የኋለኛውን ክፍል ካርቶኖች አወጣች። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ውሎች ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ችሎት ከመሄዷ በፊት አንድ አንድ እያለች ማንበብ ጀመረች። እህቷም «እኔም የተየብኩት ነው» ብላ አብራት መምጣት ጀመረች፤ በፊተኛው ክፍል ከመስኮቱ ሥር ወንበር አስቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ድምፅ እያወጣች ታነባለች። ታናሽየዋ ዋናውን ይዛ ትከታተላለች። ቀድሞ በሽማግሌው ቢሮ ማድረግ የነበረባቸው ይህንኑ ነበር፤ ጊዜ አልነበራቸውም፣ ወይም ያለ አልመሰላቸውም።

በስምንት ወር ውስጥ አምስት ስሕተት አገኙ። ሦስቱ ማንንም የማይጎዱ ናቸው። ሁለቱ ግን ነገር ሊያመጡ ይችሉ ነበር፤ በአንዱ የቦታው ድንበር ምሥራቅና ምዕራቡ ተለዋውጧል፤ በሌላው ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች በሽርክና የያዙት የመኪና ጥገና ቤት ግቢ መግቢያው ለማን እንደሚሆን አንድ አንቀጽ «ለታላቅየው» ሲል ሌላው «ለታናሽየው» ይላል። ጠበቃዋ ለሁለቱም ውል ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፈች፤ ስሕተቱ የኔ ነው፣ ያለ ክፍያ አርማለሁ አለች።

የድንበሩ ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰ፤ ቤቱ ከፈረሰ ዓመታት አልፎታል፣ መንገድ ሆኗል። የጥገና ቤቱ ታላቅ ወንድም ግን ደወለ። ከበስተጀርባው ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል።

«እትዬ፣ ደብዳቤዎ ደርሶናል» አለ። «በዚያች መግቢያ ከወንድሜ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጨቃጭቀናል።»

«አዝናለሁ። የሁለታችሁን መታወቂያ ይዛችሁ ብትመጡ በአንድ ቀን ይታረማል።»

«አይ፣ እሱን ልነግርዎ ነው የደወልኩት። ትናንት ማታ ደብዳቤውን አብረን አነበብነውና ተመካከርን። ይታረም ካልን ለማን ይሁን በሚለው አሁን እንጣላለን። እስካሁን ግን ማንም አልተከለከለም፤ እሱም ይገባል፣ እኔም እገባለሁ። ባይነካስ?»

ጠበቃዋ እህቷን አየቻት። እህቷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ትሰማለች።

«ይህንኑ በጽሑፍ ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?» አለች ጠበቃዋ። «ሁለታችሁም ፈርማችሁበት።»

«እንልካለን» አለ ሰውየው፤ ከዚያ ለሌላ ሰው አንድ ነገር ጮኸና ስልኩ ተዘጋ።

ጠበቃዋ በአቃፊው ጀርባ ላይ «ባለጉዳዮቹ እርማት አልፈለጉም፤ ፊርማቸው ይጠበቃል» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንም አኖረችበት። ችሎት ለመግባት ገና አርባ ደቂቃ ነበራት። እህቷ ቀጣዩን ውል ከካርቶኑ አወጣች፤ ገጾቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረችና ማንበብ ጀመረች።